የመጨረሻዋ ታይል ከተቀመጠች በኋላ፦ በካርካሶን ማስፋፊያዎች ውስጥ አሻሚ የሆኑ የማጠቃለያ ደንቦችን እንዴት መተርጎም ይቻላል?

በካርካሶን የገበታ ጨዋታ ላይ ነበርን፤ የመጨረሻዋ ታይል፣ ማለትም ከካርቶን የተሠራችው ካሬ ቁራጭ፣ መንገድ የተሳለባት ነበረች። እህቴ ከከረጢቱ አወጣቻትና ግንበኛዋ (ግንበኛ የተባለው ልዩ የእንጨት ሰው) ከቆመበት መንገድ ጫፍ ላይ አስቀመጠቻት፤ ወዲያውም እጇን ወደ ደብር ታይሏ፣ በተዘጋ ባዶ ቦታ ላይ ብቻ ወደምትቀመጠው ልዩ ታይል፣ ዘረጋች። ግንበኛው ያለበትን መንገድ ወይም ከተማ ያስረዘመ ተጫዋች አንድ ተጨማሪ ታይል የማስቀመጥ መብት ስላለው፣ ከረጢቱም ባዶ ስለ ነበረ፣ ያንን መብት በእጇ ባለው ደብር ልትጠቀምበት ፈለገች። ከግራዋ የተቀመጠው ባለቤቷ ደግሞ የራሱን ደብር ይዞ፣ «ታይሉ አልቋል፤ ከዚህ በኋላ ተራው የኔ ነው» አለ። በገበታው መሃል አራቱም ጎኖቿ የተዘጉ አንዲት ባዶ ቦታ ብቻ ነበረች። ሁለቱም መመሪያውን በሚገባ ያነበቡ ሰዎች ናቸው፤ ሁለቱም የተማመኑበት ደንብ በመመሪያዎቹ ውስጥ በእርግጥ አለ።

ለብዙ ዓመት ይህን ጨዋታ ስጫወት እንደ ታዘብኩት፣ በማስፋፊያዎች ላይ የሚነሳው ክርክር አብዛኛው እንዲህ ያለ ነው። የተከራካሪዎቹ ችግር ደንቡን አለማወቅ ሳይሆን አንድ ደንብ የተጻፈው ለተጫዋቹ ተራ ይሁን ለማጠቃለያ ቆጠራው ሳይለዩ ማንበባቸው ነው። ይህን ድንበር አስቀድሞ ያሰመረ ሰው ከአሻሚዎቹ ጥያቄዎች ብዙዎቹን ራሱ ይፈታቸዋል፤ የማይፈቱት ጥቂቶቹም የት ላይ እንደሚገኙ ያውቃል። ከዚህ በታች የምጽፈው ድንበሩ እንዴት እንደሚሰመርና ከዚያ በኋላ የሚቀረው አሻሚነት በምን ሥርዓት እንደሚዳኝ ነው።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል። ካርካሶን በጀርመናዊው ክላውስ-ዩርገን ቭሬደ የተነደፈና በሃንስ ኢም ግሉክ አሳታሚነት በ2000 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ በ2001 በጀርመን የዓመቱ ምርጥ ጨዋታ ሽልማትን ያገኘ የገበታ ጨዋታ ነው። ስሙን ያገኘው በደቡብ ፈረንሳይ ከምትገኘው በግንብ የታጠረች ጥንታዊ ከተማ ነው። በመሠረታዊው ሳጥን ውስጥ 72 ታይሎች አሉ። አንዷ መነሻ ሆና ትቀመጣለች፤ ተጫዋቾቹ በየተራቸው አንዳንድ እያወጡ መንገድ ከመንገድ፣ ከተማ ከከተማ፣ መስክ ከመስክ ያገጣጥማሉ፤ ሚፕል የምንላቸውን ትንንሽ የእንጨት ሰዎችም ባስቀመጧት ታይል ላይ ያቆማሉ። አንድ መንገድ፣ ከተማ ወይም ገዳም ሲጠናቀቅ ነጥቡ በዚያው ተራ ይቆጠራል። ታይሎቹ ሲያልቁ ደግሞ ያልተጠናቀቁትና መስኮቹ በማጠቃለያው ይቆጠራሉ። ማስፋፊያዎቹ በዚህ ላይ አዳዲስ ታይሎችን፣ አዳዲስ ሰዎችንና አዳዲስ ደንቦችን ይጨምራሉ፤ መሠረታዊው ጨዋታ በአንድ አንቀጽ የደመደመውን ፍጻሜ አሻሚ የሚያደርጉትም እነዚህ ጭማሪዎች ናቸው።

የትኛው እትም በእጅዎ ነው?

ከክርክሩ በፊት መመሪያው የየትኛው እትም እንደ ሆነ መታየት አለበት። ይህ ቀላል ቢመስልም፣ ማስፋፊያዎችን በተለያየ ጊዜ ከተለያየ ሰው የገዛ ቤተሰብ ሁለት ዘመን ያላቸውን ደንቦች ሳያውቅ ሊያደባልቅ ይችላል። በመጀመሪያው ዘመን ደንብ የገበሬዎች፣ ማለትም በመስክ ላይ የተኙ ሚፕሎች፣ ነጥብ የሚቆጠረው በከተማ ነበር፤ በአንድ የተጠናቀቀ ከተማ ዙሪያ ባሉ መስኮች ላይ ብዙ ገበሬ ያለው ተጫዋች 4 ነጥብ ያገኝ ነበር፤ ከተማውም አንድ ጊዜ ብቻ ይቆጠር ነበር። በዛሬው ደንብ ግን የሚቆጠረው በመስክ ነው፤ በእያንዳንዱ መስክ ላይ ብልጫ ያለው ተጫዋች መስኩ ለሚነካው ለእያንዳንዱ የተጠናቀቀ ከተማ 3 ነጥብ ይወስዳል፤ አንድ ከተማም ሁለት ወይም ሦስት መስኮችን የሚነካ ከሆነ በእያንዳንዳቸው ይቆጠራል።

ልዩነቱን በቅርብ እንመልከተው። አንድ የተጠናቀቀ ከተማ በሁለት መስኮች መካከል አለ እንበል። በአንዱ መስክ ላይ የእኔ አንድ ገበሬ ተኝቷል፤ በሌላው ላይ የእርስዎ ሁለት ገበሬዎች ተኝተዋል። በጥንቱ ደንብ ከተማው የእርስዎ ነው፤ እርስዎ 4 ነጥብ ሲያገኙ እኔ ምንም አላገኝም። በዛሬው ደንብ ሁለታችንም 3 ነጥብ እናገኛለን፤ በመካከላችን ልዩነት የለም። ነጋዴዎችና ግንበኞች በተባለው ማስፋፊያ ያለው፣ በመስክ ላይ የሚቆመው የእንጨት አሳማ ለባለቤቱ በየከተማው 1 ነጥብ የሚጨምር በመሆኑ፣ ጭማሪው በየትኛው ቁጥር ላይ እንደሚያርፍ የሚወስነው እትሙ ነው። ሁለት ታይል ብቻ ያላት ትንሽ ከተማም በመጀመሪያው ደንብ ስትጠናቀቅ 2 ነጥብ ብቻ ትሰጥ ነበር፤ ዛሬ እንደ ማንኛውም ከተማ 4 ትሰጣለች። ጨዋታው በ2014 እ.ኤ.አ. በአዲስ ሥዕልና በአዲስ አጻጻፍ ስለ ታተመ፣ ከዚያ በፊትና በኋላ የታተሙ ሳጥኖችን የሚያቀላቅል ሰው አንዱን ዘመን መርጦ በመሠረታዊውም በማስፋፊያውም ላይ ያንኑ መከተል ይኖርበታል። የእኔ ምርጫ የቅርቡ እትም ነው፤ ምክንያቱም መስክን ለብቻው መቁጠር በማጠቃለያ ሰዓት የሚነሳውን ጥያቄ በግማሽ ይቀንሰዋል።

ድንበሩን ማስመር

የመሠረታዊው ጨዋታ ደንብ የሚለው ይህ ነው፤ የመጨረሻዋን ታይል ያስቀመጠው ተጫዋች ተራውን እንደ ጨረሰ ጨዋታው ያበቃል፤ ከዚያ የማጠቃለያ ቆጠራ ይከተላል። በዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ክብደት ያለው ቃል «ተራውን» የሚለው ነው። ታይሏ ስትቀመጥ ጨዋታው አያልቅም፤ ያ ተጫዋች ሚፕል ማቆም ይችላል፤ ታይሏ ያጠናቀቀችው ነገር ካለም እንደ ተጠናቀቀ ሆኖ ሙሉ ነጥቡ ይቆጠራል። ጨዋታው የሚያልቀው ይህ ሁሉ ከተፈጸመ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ የራሳችን ቋንቋ የሚፈጥረውን ችግር ልብ ማለት ይገባል። ደንቡን በእንግሊዝኛ ወይም በጀርመንኛ አንብበን በጠረጴዛው ዙሪያ በአማርኛ ስናስረዳ፣ «ጨዋታው ሲያልቅ» እንላለን። «ሲያልቅ» ግን በማለቂያው ቅጽበትም ካለቀ በኋላም ሊሆን ይችላል። «ሲያልቅ ደብር ማስቀመጥ ይቻላል» ያልኩትን አንዱ ሰሚ ከቆጠራው በፊት ነው ብሎ ይረዳዋል፤ ሌላው በቆጠራው መካከል ነው ብሎ ይረዳዋል። እንደዚሁም «ብዙ ያለው ይወስዳል» ስንል እኩል የሆኑት ምንም የማያገኙ ይመስላል፤ የጨዋታው ደንብ ግን በመንገድ፣ በከተማና በመስክ ላይ እኩል ሰው ያላቸው ሁሉ ሙሉውን ነጥብ እንዲያገኙ ያዝዛል። ስለዚህ ደንብ የሚያስረዳ ሰው «ከማጠቃለያው ቆጠራ በፊት»፣ «በማጠቃለያው ቆጠራ»፣ «ከሌላው ያላነሰ ያለው ሁሉ» ብሎ አሟልቶ ቢናገር ግማሹ አሻሚነት ከአፉ ሳይወጣ ይቀራል። «ይችላል» እና «ይገባዋል» የሚሉትንም በጥንቃቄ መለየት ያስፈልጋል፤ የደብሩ ጉዳይ እንደሚያሳየው፣ አንድ ነገር ፈቃድ ወይም ግዴታ መሆኑ የነጥቡን አካሄድ ይለውጣል።

ድንበሩ ከተሰመረ በኋላ እያንዳንዱን የማስፋፊያ ደንብ ከአንዱ ወገን ማኖር ይቻላል። ለምሳሌ በነጋዴዎችና ግንበኞች ውስጥ ያሉት 20 የሸቀጥ ምልክቶች፣ ማለትም 9 የወይን፣ 6 የእህልና 5 የጨርቅ፣ የሚገኙት ሸቀጥ የተሳለበት ከተማ ሲጠናቀቅ ነው፤ የሚያገኛቸውም በከተማው ውስጥ ሰው ኖረውም አልኖረውም ከተማውን ያጠናቀቀው ተጫዋች ነው። ማጠናቀቅ የተራ ሥራ ነው። እንግዲህ የመጨረሻዋ ታይል ያጠናቀቀችው ከተማ ሸቀጥ ይሰጣል፤ በማጠቃለያው ሳይጠናቀቅ የሚቆጠረው ከተማ ግን አይሰጥም፤ ያጠናቀቀው ሰው የለምና። በየሸቀጡ ብልጫ ላለው የሚሰጠው 10 ነጥብ ደግሞ የማጠቃለያ ነው፤ እኩል የሆኑት ሁሉ 10 ያገኛሉ።

ማረፊያዎችና ካቴድራሎች በተባለው ማስፋፊያ ውስጥ የሚታየው ከዚህ ሁሉ የበለጠ ብዙ ሰው ያሳስታል፤ ስለዚህ ቆም ብለን እንየው። ካቴድራል ያለበት ከተማ ሲጠናቀቅ በየታይሉና በየጋሻው (በአንዳንድ የከተማ ታይሎች ላይ በተሳለው ምልክት) ከ2 ይልቅ 3 ነጥብ ይሰጣል፤ ሳይጠናቀቅ ከቀረ ግን ምንም አይሰጥም። 7 ታይልና 2 ጋሻ ያለው ከተማ ያለ ካቴድራል ቢጠናቀቅ 18፣ ሳይጠናቀቅ ቢቀር 9 ነጥብ ነበረው። ካቴድራል ሲገባበት ቢጠናቀቅ 27፣ ባይጠናቀቅ 0 ይሆናል። በማረፊያ አጠገብ የሚያልፍ መንገድም እንዲሁ ነው፤ 5 ታይል ያለው መንገድ ቢጠናቀቅ 10፣ ባይጠናቀቅ 0 ነው። አንዳንድ ተጫዋቾች «ካቴድራሉ የሚሰጠው ጭማሪ ይቀራል እንጂ የተለመደው 9 ነጥብ እንዴት ይጠፋል?» ብለው ይከራከራሉ። ይህ ለባለከተማው የሚያዝን ንባብ ነው፤ ነገር ግን የማስፋፊያው ደንብ ግልጽ ነው፤ ልዩ ደንብ ባለበት ቦታ አጠቃላዩ ደንብ ይለቃል። የጨዋታውን ሚዛን ስናይም ምክንያቱን እናገኘዋለን፤ 9ኙ ነጥብ ባይጠፋ ኖሮ ካቴድራል ለባለቤቱ ያለ አደጋ የሚሰጥ ስጦታ ይሆን ነበር፤ ተቀናቃኝም በጨዋታው መጨረሻ በሰው ከተማ ላይ ካቴድራል የሚጨምርበት ምክንያት አይኖረውም ነበር። ሁለት ካቴድራል በአንድ ከተማ ቢገባ ግን ነጥቡ በየታይሉ 3 ሆኖ ይቀራል፤ ከዚያ በላይ አይጨምርም።

በዚሁ ማስፋፊያ ላይ ከቆጠራው በፊት መታየት ያለበት አንድ ነገር አለ። ማረፊያው የተሳለው በሐይቅ ዳር ሲሆን፣ መስቀለኛ መንገድ ባለባት ታይል ላይ ሐይቁ የሚነካው ከመንገዶቹ የትኛውን እንደ ሆነ ዓይንን አቅርቦ ማየት ያስፈልጋል። በማጠቃለያው ሰዓት ታይሎቹ በሚፕል ተሸፍነው፣ ሁሉም ከየአቅጣጫው እያየ፣ መንገዱን ከሐይቁ ጋር አለአግባብ ማገናኘት ቀላል ነው። ሚፕሉን አንስቶ፣ ታይሏን ሳያንቀሳቅሱ፣ በጣት መንገዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ መከተል ይበቃል።

ዝም ያለ ደንብ

ማስፋፊያው ስለ አንድ ሁኔታ ምንም ካላለ፣ መሠረታዊው ደንብ እንዳለ ይቀጥላል ብሎ መነሳት ተገቢ ነው። ዝምታን እንደ ፈቃድ መቁጠር ብዙ ጊዜ ያሳስታል። ግንበኛው በማጠቃለያው ስንት ነጥብ ይሰጣል ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ ምንም ነው፤ ደንቡ ስለ እሱ የማጠቃለያ ነጥብ ስላልተናገረ። አሳማውም በመስኩ ላይ እንደ ገበሬ አይቆጠርም፤ ባለቤቱ በገበሬዎቹ ብዛት ብልጫውን ወይም እኩልነቱን ካገኘ በኋላ ነው ጭማሪውን የሚሰጠው። ትልቁ ሚፕል ግን እንደ ሁለት ሰው ይቆጠራል፤ ይህም የሆነው የማስፋፊያው ደንብ በግልጽ ስለ ተናገረ ነው። ሦስቱም ከመሠረታዊው ሳጥን ውጭ የመጡ ሰዎች ናቸው፤ በማጠቃለያው ያላቸውን ድርሻ የሚወስነው ግን ለእያንዳንዳቸው የተጻፈው ቃል ብቻ ነው፤ አንዱን በሌላው መመዘን አይቻልም።

ጎተራም እንዲሁ ነው። በደብርና ከንቲባ ማስፋፊያ ጎተራ በመስክ ላይ ሲቆም በዚያ መስክ ያሉት ገበሬዎች ወዲያው፣ በተራው ውስጥ፣ በየከተማው በ3 ነጥብ ተቆጥረው ወደ ባለቤቶቻቸው ይመለሳሉ፤ ጎተራው ራሱ ግን በቦታው ቆይቶ በማጠቃለያው በየተጠናቀቀው ከተማ 4 ነጥብ ይሰጣል። ኋላ ላይ ገበሬ ያለበት ሌላ መስክ ከጎተራው መስክ ጋር ቢገናኝ፣ እነዚያ ገበሬዎች በየከተማው 1 ነጥብ ብቻ አግኝተው ይነሳሉ። ሦስት የተለያዩ ቁጥሮች፣ ሦስት የተለያዩ ጊዜያት ናቸው። ቁጥሩን ብቻ ሸምድዶ ጊዜውን የረሳ ሰው በማጠቃለያው ላይ ለገበሬዎች 4፣ ለጎተራው 3 ሲሰጥ አይቻለሁ።

ነጥቡን ይለውጠዋል?

አሻሚ ሁኔታ ሲያጋጥም ከመከራከር በፊት ሁለቱን ንባቦች በነጥብ ማስላት ብዙ ጊዜ ክርክሩን ያስቀራል። ከዚህ በፊት ሲያጋጥሙን ረጅም ጊዜ የፈጁብንን ሁለት ጥያቄዎች ልጥቀስ።

አንደኛው፣ ከሸቀጦቹ አንዱን፣ ለምሳሌ ጨርቅን፣ ማንም ሳያገኘው ቢቀር ሁሉም በዜሮ እኩል ስለሆኑ ሁሉም 10 ነጥብ ያገኛሉ ወይ የሚል ነበር። እኔ ምንም ሳይይዙ ብልጫ የለም ባይ ነኝ። ነገር ግን ጥያቄው ማንንም አይጎዳም፤ ምክንያቱም አንድ ተጫዋች አንድ ምልክት እንኳ ቢኖረው ብልጫው የእሱ ነው፤ በዜሮ እኩል መሆን የሚቻለው ሁሉም ዜሮ ሲሆኑ ብቻ ነው። ያን ጊዜ ለሁሉም 10 መስጠትና ለማንም አለመስጠት በደረጃው ላይ አንድ ነው።

ሁለተኛው ስለ አበምኔቱ ነው። አበምኔት በገዳም ወይም በአትክልት ቦታ ላይ የሚቆም ሰው ሲሆን፣ ተጫዋቹ በተራው ሚፕል በማቆም ፈንታ አበምኔቱን ሳይጠናቀቅ አንስቶ ነጥቡን መውሰድ ይችላል። የመጨረሻዋን ታይል ያወጣ ተጫዋች ታይሏን የሚያስቀምጥበት ቦታ ቢያጣ፣ አበምኔቱን ማንሳት ይፈቀድለታል ወይ? በደንቡ ላይ ለሁለቱም ወገን የሚሆን መከራከሪያ ማግኘት ይቻላል፤ ነገር ግን በጊዜው የተነሳ አበምኔት የሚያገኘው ነጥብና ሳይነሳ በማጠቃለያው የሚያገኘው ነጥብ እኩል ነው፤ ለታይሏ 1፣ በዙሪያዋ ላለችው ለእያንዳንዷ ታይል 1። ስለዚህ የወደደውን ያድርግ።

የተራ ቁጥር ልዩነት ግን ከእነዚህ ይለያል። መነሻዋ ታይል ስትቀነስ 71 ታይሎች ይቀራሉ፤ በሁለት ሰው ጨዋታ መጀመሪያ የተጫወተው 36፣ ሁለተኛው 35 ታይል ያስቀምጣል። አራት ሰዎች ቢጫወቱ ሦስቱ 18 ሲያስቀምጡ የመጨረሻው 17 ያስቀምጣል። «ዙሩ ይሙላ» የሚል ጥያቄ የሚነሳው ከዚህ የተነሳ ነው። ደንቡ ዙር እንዲሞላ አያዝዝም፤ የመጨረሻው ታይል ሲያልቅ ያልደረሰው አይደርሰውም። ይህ ልዩነት ነጥብ እንደሚለውጥ ግልጽ ነው፤ ቢሆንም አሻሚ አይደለም። ማስፋፊያ ሲጨመር የታይሉ ብዛት ስለሚለወጥ፣ ለምሳሌ ማረፊያዎችና ካቴድራሎች 18 ታይል ሲጨምር 89 ስለሚሆን፣ አንድ ጊዜ የጎደለበት ተጫዋች በሌላ ጊዜ ላይጎድልበት ይችላል።

ስሌቱ ልዩነት ካሳየና የደንቡ ቃል ካልፈታው፣ ውሳኔው ተጠቃሚው ማን እንደ ሆነ ሳይታይ መሰጠት አለበት። ይህን ለማድረግ የምናውቀው ዘዴ ቀላል ነው፤ በውጤቱ የማይነካው ተጫዋች፣ እንዲህ ያለ ሰው ከሌለም ከጨዋታው ውጭ ያለ የቤቱ ሰው፣ ቀለማቱ ሳይነገሩት ሁለቱን ንባቦች ይሰማና ይፈርዳል። በተለያዩ አገሮች ያሉ የካርካሶን ወዳጆች የአሳታሚውን ማብራሪያዎች ሰብስበው የሚያደራጁበት ዊኪካርፒዲያ የተባለ ሰፊ ስብስብ አለ፤ ብዙ ጥያቄ እዚያ ተመልሷል። እኔ ግን በጨዋታው መካከል ስልክ ከማውጣት ይልቅ በጠረጴዛው ላይ መፍረድንና በማግስቱ ማረጋገጥን እመርጣለሁ። ገበጣ የሚጫወቱ ሽማግሌዎች በጉድጓዶቹ የቀሩት ጠጠሮች የማን እንደሚሆኑ ከመጀመራቸው በፊት የሚነጋገሩት፣ ደንቡ ከአገር አገር እንደሚለያይ ስለሚያውቁ ነው። በማስፋፊያ የሚጫወት ሰውም ይህን ልማድ ቢይዝ ይጠቅመዋል፤ ሳጥኑ ሲከፈት የምንስማማበት ቃል በማንም ነጥብ ላይ ያነጣጠረ ሊሆን አይችልም።

ቆጠራው ራሱ

በዛሬው ደንብ የማጠቃለያው ቅደም ተከተል ነጥቡን አይለውጠውም፤ ነገር ግን ስህተትን ይቀንሳል። እኛ መጀመሪያ ያልተጠናቀቁ መንገዶችን፣ ቀጥሎ ከተሞችን፣ ከዚያ ገዳማትን፣ በመጨረሻ መስኮችን እንቆጥራለን። የተቆጠረ ሚፕል ወዲያው ከገበታው ይነሳል፤ በዚህ ጊዜ ተኝተው የሚቀሩት ገበሬዎች ብቻ ስለሚሆኑ የመስኮቹ ድንበር ይታያል። ገበሬን ከመጀመሪያው አንስቶ በጎኑ ማስተኛት እንደ ትንሽ ነገር መታየት የለበትም፤ ቆሞ የተረሳ ገበሬ በማጠቃለያው የመንገድ ሰው ተብሎ ሲቆጠር ስንት ጊዜ አይቻለሁ። መንገዱ ማረፊያ ካለበትና ካልተጠናቀቀ ደግሞ በዜሮ ይነሳል፤ መስኩም ባለቤት ያጣል።

ወደ ደብሩ ልመለስ

ደብር አራቱም ጎኖቿ የተዘጉ ባዶ ቦታ ላይ ብቻ የምትቀመጥ፣ በዙሪያዋ ያሉትን ሁሉ የምትዘጋና እንደ ገዳም የምትቆጠር ታይል ናት፤ ተጫዋቹ በተራው ታይል በማውጣት ፈንታ ያስቀምጣታል። ጨዋታው እስኪያልቅ ያላስቀመጧት ካሉ፣ የመጨረሻዋን ታይል ካስቀመጠው ተጫዋች ግራ ጀምሮ በየተራቸው እንዲያስቀምጡ ይፈቀድላቸዋል። የእህቴ ንባብ የመጀመሪያውን ደንብ ይዟል፤ የግንበኛው ተጨማሪ ዕድል የተራዋ ክፍል ነው፤ ተራዋ ካላለቀ ጨዋታው አላለቀም፤ ስለዚህ በማውጣት ፈንታ ደብሯን ታስቀምጣለች። የባለቤቷ ንባብ ሁለተኛውን ይዟል፤ ታይሎቹ ስላለቁ የደብሮቹ ልዩ ዙር ተጀምሯል፤ የሚጀምረውም ከእሱ ነው።

ያን ምሽት መፍረድ የደረሰኝ እኔ ነበርኩ፤ የራሴን ደብር አስቀድሜ ስላስቀመጥኩ ውጤቱ አይነካኝም ነበር። መጀመሪያ ያደረግሁት ስሌት ነው። ባዶዋ ቦታ በ8 ታይሎች ስለ ተከበበች፣ ደብር ያስቀመጠና ሚፕል ያቆመባት ወዲያው 9 ነጥብ ያገኛል። ከጎኗ ያለው የእህቴ ከተማ ካቴድራል ነበረው፤ 6 ታይልና 1 ጋሻ፤ ቢዘጋ 21፣ ባይዘጋ 0። ደብሯ ከተማውን ትዘጋዋለች እንጂ የከተማው ታይል ሆና አትቆጠርም። እህቴ ብታስቀምጥ 30 ነጥብ ታገኛለች። ባለቤቷ ቢቀድም እሱ 9፣ እሷ 21 ያገኛሉ። ማስቀመጥ ፈቃድ እንጂ ግዴታ ስላልሆነ እሱ ከተማው ክፍት እንዲቀር ብሎ ቢተወው፣ ተራው ዞሮ እሷ ዘንድ ስለሚደርስ ያው 30 ታገኛለች። ክርክሩ በ30 ነጥብ ላይ ይመስል ነበር፤ በእርግጥ የነበረው ግን በ9ኙ ላይ ነው። ከተማው በሁለቱም መንገድ ይዘጋል።

ቃሉን ስመረምር የወሰንኩት ለባለቤቷ ነው። «በማውጣት ፈንታ» የሚለው ፈቃድ የሚወጣ ታይል መኖሩን ይጠይቃል፤ ከረጢቱ ባዶ ሲሆን የሚተካ ነገር ስለሌለ ፈቃዱም ያበቃል። የግንበኛውም ተጨማሪ ዕድል ሌላ ታይል የማውጣት ዕድል ስለሆነ በባዶ ከረጢት ላይ ባዶ ነው። ለዚህ ለባዶ ከረጢት ሰዓት ብቻ የተጻፈ ልዩ ደንብ መኖሩ፣ ተራ ደንቡ እዚህ እንደማይደርስ ያሳየኛል፤ ቢደርስማ ልዩ ደንብ ባላስፈለገ ነበር። የመጨረሻዋ ታይል ቦታ አጥታ ወደ ሳጥን ብትመለስም ዙሩ የሚጀምረው ታይሏን ካወጣው ሰው ግራ ነው እላለሁ፤ ተራው የእሱ ነበረና። ሌላ ቤት በተቃራኒው ቢወስን ስህተት ነው ለማለት አልደፍርም፤ የእህቴ ንባብም በቂ መሠረት አለው። ሁለቱንም ውሳኔዎች ከቀናቸው ጋር በትንሽ ወረቀት ጽፈን በሳጥኑ ክዳን ውስጥ አጥፈን አስቀመጥናቸው፤ ባለቤቷም ደብሩን አስቀምጦ የመጨረሻ ሚፕሉን አቆመባትና 9 ነጥቡን ወሰደ፣ እህቴም 21ዷን ቆጠረች።